ሙቀትና ጫጫታ በአሮጌ መኪና ውስጥ፦ የአንዲት ቮልስዋገን የውስጥ መከለያ



የዛሬው ርእስ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ያነሰ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ሙቀት መተላለፍና ስለ ንዝረት ሳስተምር ኖሬ፣ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ቀመር ምን ማለት እንደሆነ አጥርታ ያሳየችኝ ከአባቴ የወረስኳት ቮልስዋገን ናት። ያሳየችኝም በደግነት አይደለም።

ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት ቤተሰቤን ይዤ ወደ አዋሽ ወረድኩ። መተሐራን ከማለፋችን በፊት፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቴ ከሙቀቱም ከጩኸቱም የተነሣ መናገር ትተው ነበር። ስንደርስ «ልጄ፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ አለ» አሉኝ። አዲስ አበባ እንደተመለስን አንድ ቅዳሜ ተነሥቼ የመኪናዋን ወለል፣ የበሮቹን ውስጥና የኋላ መቀመጫውን ሥር በፍራሽ ስፖንጅ ሸፈንኩ፤ በላዩም ምንጣፍ አለበስኩ። ሥራዬ አምሮብኝ ነበር። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ አንድ ሽማግሌ ባቲላሜራ ዘንድ ለሌላ ጉዳይ ወሰድኳት። ምንጣፉን ገለጡ፤ ስፖንጁን በእጃቸው ጨመቁት፤ ውሃ ወረደው። ከዚያ ካቻቢቴያቸውን በወለሉ ላይ ጫን ሲያደርጉት ወደ ታች አለፈ። «ዶክተር፣» አሉኝ፣ «እርስዎ መኪናዋን አላለበሷትም፤ አበስብሰዋታል።»

ያን ቀን ሌላም ነገር አሳይተውኛል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን የምለው፣ የተሳሳትኩት ከስንፍና ሳይሆን ሙቀትም ድምፅም በአንድ ብርድ ልብስ የሚቆሙ ነገሮች ናቸው ብዬ በማሰቤ መሆኑን ነው። ሁለቱ ወደ መኪና የሚገቡበት መንገድ ይለያያል። ድምፅ ብቻውን እንኳ ከአንድ በላይ መንገድ አለው። መንገዱን ሳያውቁ የሚለጠፍ መከለያ ገንዘብ ከመብላቱም በላይ፣ አንዳንዴ አደጋ ይሸፍናል።

ቮልስን እንደ ምሳሌ የመረጥኩት የኔ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ፣ የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጥታለች። በእኛ አገር ደግሞ ዛሬም ድረስ የዕለት ሥራዋን የምትሠራ መኪና ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ለዛሬ የምፈልጋት በአሠራሯ ምክንያት ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ጀርባ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ሲሊንደሮቹን የከበበው ውሃ የብረቱን ድምፅ በከፊል ያፍነዋል። ቮልስ ይህ የላትም፤ ሲሊንደሮቿ ክንፍ ክንፍ ያላቸው ራቁት ብረቶች ናቸው፤ ማራገቢያዋም በበኩሉ ይጮኻል። ስለዚህ ስለ ሙቀትና ስለ ጫጫታ ለመማር ከእርሷ የተሻለ ላቦራቶሪ ማግኘት ያስቸግራል።

ከድምፅ ልጀምር። ድምፅ የሚለካበት ዴሲቤል እንደ ኪሎ የሚደመርና የሚቀነስ አይደለም። እኩል የሚጮኹ ሁለት ነገሮች ቢኖሩና አንዱን ፈጽመን ብናጠፋው መለኪያው የሚወርደው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ግን «በግማሽ ቀነሰ» ብሎ የሚቀበለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲወርድ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ከሁሉ የሚጮኸውን ትቶ ሌላውን የሚያፍን ሰው ለውጡ አይሰማውም። ማርሚታው ተበስቶ ሳለ ጣሪያ ማልበስ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መከለያ ጥገና ነው። ማርሚታ፣ የሞተር መያዣ ጎማዎች፣ የላላ ብሎን፣ ያረጀ ኩሽኔታ፤ እነዚህ ሳይስተካከሉ አንድም ነገር እንዳትለጥፉ።

ቀጥሎ ቀዳዳ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ በመላው ጉዳይ ውስጥ ለእኔ ደስ የሚለኝ ስሌት ይህ ነውና። አንድ ግድግዳ ከስፋቱ መቶኛው እጅ ክፍት ከሆነ፣ የቀረው ከወፍራም እርሳስ ቢሠራ እንኳ፣ ግድግዳው በጠቅላላ ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊከለክል አይችልም። ምክንያቱም በክፍቱ በኩል ከድምፁ ኃይል መቶኛው ሳይነካ ያልፋል፤ መቶኛ ማለት ደግሞ 20 ዴሲቤል ነው። ክፍቱ ሺኛ ቢሆን ጣሪያው 30 ዴሲቤል ይሆናል። የአንድ ሜትር ካሬ መቶኛ ምን ያህል ነው? ዐሥር ሴንቲ ሜትር በዐሥር ሴንቲ ሜትር፤ የመዳፍ ያህል። በአንዲት አሮጌ ቮልስ ውስጥ በፔዳሎቹ ዙሪያ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች፣ በደረቁ የበርና የመስኮት ጎሚኒዎች በኩል ያለውን ክፍት ብትሰበስቡት ከመዳፍ ይበልጣል። ቮልስ አዲስ ሳለች በሯ በቀላሉ እንዲዘጋ መስኮት ገርበብ ማድረግ ያስፈልግ ነበር ይባላል፤ እስከዚያ ድረስ አየር አታስገባም ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ በሮች በአንድ ጣት ይዘጋሉ፤ ባለቤቶቹም ይኩራሩበታል። መኩራሪያ አይደለም፤ ጎሚኒው ሞቷል ማለት ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ወረቀት በበሩና በአካሉ መካከል አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ወረቀቱን ሳቡት። ያለ ተቃውሞ ከወጣ በዚያ ቦታ ጎሚኒው አይሠራም። በበሩ ዙሪያ ደጋግሙት። ማታ ደግሞ አንድ ሰው ባትሪ መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከውጭ ይመልከት። ብርሃን የሚያልፍበት ሁሉ ድምፅም፣ አቧራም፣ የሞተር ክፍሉ ትኩስ አየርም ያልፍበታል። ከማናቸውም ውድ መከለያ በፊት ገንዘባችሁን በጎሚኒ ላይ አውሉ።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ የላሜራው ተራ ይደርሳል። የበሩን ላሜራ በጣታችሁ አጠፍ ብትመቱት እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ትንሽ ይቆያል። መኪናዋ ስትሄድ መንገዱና ሞተሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ላሜራውን ያለማቋረጥ ይደልቁታል፤ እርሱም እንደ ከበሮ ወደ ውስጥ ይጮኻል። ይህንን የሚያቆመው ስፖንጅ አይደለም። የሚያቆመው ከላሜራው ጋር ተጣብቆ አብሮት የሚታጠፍና የንዝረቱን ጉልበት በውስጡ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ተጣባቂ ነገር ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው የቡቲል ጎማ ሲሆን በላዩ ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ አለው። አሉሚኒየሙ ለጌጥ አይደለም፤ ላሜራው ሲታጠፍ ጎማው በሁለቱ ብረቶች መካከል ወዲያና ወዲህ እንዲሳብ ያስገድደዋል፤ ጉልበቱ የሚጠፋው በዚያ መሳሳብ ነው። ስለዚህም በብረት ሮለር አጥብቆ መዳመጥ ግድ ይላል፤ በመሐል አየር ከቀረ ሥራው ከንቱ ነው።

ላሜራውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። መሐሉን፣ አብዝቶ የሚወዛወዘውን ክፍል፣ ከሩብ እስከ ግማሽ መሸፈን አብዛኛውን ጥቅም ይሰጣል። እንደገና በጣታችሁ ምቱት፤ የቆርቆሮው ጩኸት «ዱብ» ወደሚል ደረቅ ድምፅ ከተለወጠ በቂ ነው። ሻጮች «ካልሸፈኑት አይሠራም» ይሏችኋል፤ ሻጭ ምን ይበል። ለቤት ጣሪያ የሚሠራውን የሬንጅ ንጣፍ የሚለጥፉም አሉ። በአዲስ አበባ አየር፣ በወለል ላይ፣ ለጊዜው ያገለግል ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በሚመታው ጣሪያ ሥር ግን ይለሰልሳል፤ ይሸታል፤ በመጨረሻም ከራሳችሁ በላይ ይላቀቃል።

ስለ ክብደትም አንድ ነገር ልናገር። ድምፅን ለመከልከል ከባድ ግድግዳ ይበጃል፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። የመኪናው ላሜራ ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን አንድ ሜትር ካሬው ከ6 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ 6 ዴሲቤል ለማግኘት በያንዳንዱ ሜትር ካሬ 6 ኪሎ መጨመር አለብን፤ ሌላ 6 ለመድገም 12 ኪሎ። የት እንደምንደርስ ይታያችኋል። ቮልስ በጠቅላላ 800 ኪሎ ገደማ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩም ከጉልበቱ ሩቡን ገደማ ከወዲሁ አጥቷል። በአውሮፓ መጽሔት ላይ የተጻፈውን አይታችሁ 80 ኪሎ ጎማ ብትጭኑባት የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ ታስታውሱኛላችሁ። ከባዱን ንጣፍ ከሞተሩ ጋር በሚያዋስነው የኋላ ግድግዳና በወለሉ ላይ ብቻ ብትወስኑት፣ ከብረቱም ጋር በቀጥታ ሳይነካካ በመሐሉ ስስ ልል ነገር ቢኖረው፣ በትንሽ ኪሎ ብዙ ይሠራል።

ታዲያ ስፖንጅ ምን ይሠራል? የድምፅን ርዝመት እንመልከት። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 100 ጊዜ ያቀጣጥላል። በ100 ኸርዝ የድምፁ ሞገድ ርዝመት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ልል ነገር ድምፅን በደንብ የሚውጠው ውፍረቱ ወደ ሞገዱ አንድ አራተኛ ሲጠጋ ነው፤ ለ100 ኸርዝ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው። የእኔ ስፖንጅ 2 ሴንቲ ሜትር ነበር! በእናቴ ጆሮ ውስጥ የነበረውን ወፍጮ ጨርሶ አልነካውም። በ3,000 ኸርዝ ያለውን የንፋስ ፉጨትና የማራገቢያውን ሹል ድምፅ ግን በመጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን የመጨረሻው ነው።

ወደ ሙቀቱ እንለፍ። ላሜራ ለሙቀት ምንም ተቃውሞ የለውም ብንል አልተሳሳትንም። የፀሐይ ኃይል በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በሜትር ካሬ 1,000 ዋት ይጠጋል፤ ጥቁር ቀለም አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ነጭ ደግሞ አብዛኛውን ይመልሳል። የጣሪያው ላሜራ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ውስጡ 30 ቢሆን፣ መከለያ በሌለበት በያንዳንዱ ሜትር ካሬ 230 ዋት ገደማ ይገባል። በላሜራውና በጨርቁ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ዝግ ቀዳዳ ያለው ፎም ብንጨምር ወደ 90 ዋት ይወርዳል። ሌላ 1 ሴንቲ ሜትር ብንደርብ ግን ተጨማሪው ትርፍ 35 ዋት እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው ሴንቲ ሜትር ብዙውን ሥራ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበው የራስጌ ቦታ ነው።

መስተዋት ግን ሌላ ነው። ግልጽ መስተዋት ካረፈበት የፀሐይ ኃይል አብዛኛውን በቀጥታ ያሳልፋል። መከለያ ደግሞ ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አያቀዘቅዝም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና፣ የቱንም ያህል ብትለበድ፣ በመስተዋቷ በኩል ትግላለች። ጥላ ሥር ማቆም፣ የፊት መስተዋቱን መጋረድ፣ ነጭ ቀለም መቀባት፤ እነዚህ ተራ የሚመስሉ ነገሮች ከብዙ ንጣፍ ይበልጣሉ።

በሞተሩ በኩል የሚመጣው ሙቀት በአብዛኛው ጨረር ነው። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከጨረሩ ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል፤ ይህንን ግን የሚያደርገው ፊቱ ወደ አየር ሲያይ ብቻ ነው። በላሜራውና በምንጣፉ መካከል ተጣብቆ ከተቀበረ መስተዋትነቱ ይቀርና ሙቀት አስተላላፊ ብረት ይሆናል። በየጋራዡ የማየው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ብር የመሰለ ነገር ሁሉ ሙቀት የሚመልስ ይመስለናል። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር የአየር ክፍተት ካልሰጣችሁት ገንዘባችሁን ቀብራችኋል።

ግን እባካችሁ፣ የሞተሩን ክፍል ስትከልሉ የማራገቢያውን አየር አትከልክሉት። ቮልስ የምትቀዘቅዝበትን አየር ከኋላ መስኮቷ ግርጌ ባሉት መሰንጠቂያዎች በኩል ትስባለች። በእኛ ከፍታ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው፤ በተመሳሳይ ዙር የሚያልፈው የአየር ክብደት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ወፍራም ስፖንጅ ያንን መተላለፊያ ካጠበበው ሞተሩ ይቃጠላል። ስፖንጁ ዘይትና ቤንዚን ከጠጣ ደግሞ መኪናው ራሱ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎሚኒም ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የተደረገ ነው፤ ከጠፋ ይተካ።

አሁን ሽማግሌው ባቲላሜራ ወዳሳዩኝ ሁለተኛ ነገር ልመለስ። የቮልስ ባትሪ በኋላ መቀመጫው ሥር፣ በስተቀኝ በኩል ነው። የመቀመጫው ስፕሪንግ ሽቦ ነው፤ ከባትሪው ጫፎች የሚለየው አንድ መሸፈኛ ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥና መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ሽቦው ወደ ታች ይወርዳል። መሸፈኛው በእኔ መኪና ላይ አልነበረም። ሽማግሌው መቀመጫውን ገልብጠው በሽቦው ላይ ጥቁር የተቃጠለ ነጥብ አሳዩኝ፤ ከነጥቡ በጣት እርዝመት ላይ የእኔ ስፖንጅ ነበር። ወደ አዋሽ ስንወርድ እናቴ የተቀመጡት በዚያ በኩል ነው፤ ከስፖንጁም በኋላ ለሁለት ዓመት በዚያው ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳመላልሳቸው ኖሬያለሁ። ያን ነጥብ ካየሁ በኋላ ለብዙ ቀናት እንቅልፍ በደንብ አልወሰደኝም።

የቮልስ ባለቤቶች በዚህ አዳራሽ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ መቀመጫውን አንሥታችሁ እዩ። ከዚያ በሞተሩ ግራና ቀኝ የጭስ ማውጫውን ቱቦ የከበቡትን የማሞቂያ ሣጥኖች አስመርምሩ። በእነርሱ በኩል የሞቀ አየር በበሮቹ ሥር ባለው ቦይ ወደ ውስጥ ይገባል። ውስጣቸው ያለው ቱቦ በዝገት ከተበሳ የሚገባው የሞተር ጭስ ነው፤ በጭሱም ውስጥ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው ያደሩ ሰዎች የሚሞቱበት ጋዝ ይኸው ነው። ቀዳዳ ድፈኑ ያልኳችሁ እኔ ራሴ ነኝ፤ ነገር ግን ነፋስ ያስገባ የነበረውን ክፍት ሁሉ ደፍናችሁ ይህንን ከተዋችሁት፣ ቀድሞ ንጹሕ አየር ይበርዘው የነበረውን ጋዝ ከራሳችሁ ጋር ዘጋችሁበት ማለት ነው። ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር የሚነፋ ፎም የሚረጭም ሰው አጋጥሞኛል። በመኪናዋ መሐል ለመሐል ባለው ዋሻ ውስጥ የቤንዚን ቱቦና የፍሪሲዮን ገመድ ያልፋሉ። ያንን በፎም መሙላት መጠገን የማይቻል መኪና መሥራት ነው።

ሁለተኛውን ሥራ የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። ወለሉ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደለት፤ ፀረ ዝገት ተቀባ፤ ከሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ተከፈቱ። ባትሪው ክዳን አገኘ። የማሞቂያ ሣጥኖቹ ተለወጡ፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ገንዘቤን በልቷል። የበርና የመስኮት ጎሚኒ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ብቻ በበሮቹና በወለሉ መሐል ላይ ቡቲል፣ በኋላው ግድግዳ ላይ ከባድ ንጣፍ፣ በጣሪያው ሥር 1 ሴንቲ ሜትር ዝግ ፎም። ዝግ ፎም ውሃ አይጠጣም፤ ስፖንጅ ግን ይጠጣል፤ በክረምት ከጫማችን የሚወርደውን ውሃ ይዞ ብረቱ ላይ ያቆየዋል። ምንጣፉ አልተጣበቀም፤ በየጊዜው እየተነሣ ይደርቃል። የተጨመረው ክብደት በጠቅላላ 25 ኪሎ አይሞላም።

ምን ያህል ዴሲቤል ቀነሰ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። በስልክ የለካሁት ቁጥር አለኝ፤ ግን አልነግራችሁም፤ የስልክ ማይክሮፎን ለዚህ ሥራ የተስተካከለ አይደለምና እዚህ ቆሜ በእርሱ ብናገር ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። ቮልስ አሁንም ቮልስ ናት፤ ሞተሯ ይሰማል። እንዲሰማም እፈልጋለሁ፤ ባለፈው ዓመት የማራገቢያው ቀበቶ መላላቱን የነገረኝ ድምፁ ነው። እናቴ ግን ባለፈው ጥር አዳማ ድረስ በፍጥነት መንገዱ ስንሄድ ከኋላ ሆነው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ እስኪበቃኝ ድረስ አወሩልኝ።

መኪናዋ ከሕንፃው በስተጀርባ ቆማለች። የቀኝ በሯን ሆን ብዬ ሳልለጥፍበት ትቼዋለሁ፤ የግራውን ለጥፌበታለሁ። ከጥያቄው በፊት ወጥታችሁ ሁለቱንም በጣታችሁ ምቱ። የኋላ መቀመጫውንም አንሥቼዋለሁ፤ ያን ጥቁር ነጥብ ማየት ትችላላችሁ።